ይህን ልጅ ማን እየፈለገው ነው?

ዘንድሮ በሶሻል ወርክ፣ በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ማለት ነው፣ የምትመረቅ አንዲት ተማሪዬ ባለፈው ከክፍል ስንወጣ ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ከልጆች ጋር መሥራት ይሻላል ወይስ ኃላፊ መሆን?» ቶሎ መመለስ አቃተኝ። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ለእሷ ያልመለስኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር አገራችን ውስጥ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አልነበረም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 አዲስ አበባ የተከፈተው በደርግ ጊዜ ተዘጋ። በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተጀመረው በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ነው። በመሃል ያለነው ሶሲዮሎጂም ሌላም ተምረን ሥራውን እዚያው ሥራ ላይ ለመድነው። የተቀጠርኩበት የሕፃናት ማሳደጊያ ስሙ ይቅር።

ወቅቱ የቡና ለቀማ ነበር። ያኔ በጅማ ዙሪያ ከየቦታው ሰው ይጎርፋል። አንድ ቀን ወንድምና እህት ከመናኸሪያ አመጡልን። እናታቸው ለለቀማ መጥታ፣ ታማ ሞታለች። ልጁ ቢበዛ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። እህቱ ገና አፏን በደንብ አልፈታችም። በእናታቸው ነጠላ አዝሏት ነበር። የማሳደጊያው ደንብ ግን ከፍ ያለ ወንድ ልጅ አይቀበልም። እሱ ሌላ ከተማ ወዳለ ማሳደጊያ ይሂድ ተባለ።

«አይለያዩ» አልኩ። በቃል ተናገርኩ፣ በጽሑፍም አስገባሁ። ኃላፊው «ደንብ ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከአልጋና ከዱቄት ሂሳብ ቀና የሚሉበት ጊዜ አልነበራቸውም።

መኪናው የመጣ ዕለት ልጁ አላለቀሰም። ማዕድ ቤት ገብቶ ለሞግዚቷ ስለ እህቱ ያስረዳት ጀመር። «ዳቦ ስትሰጫት ቅርፊቱን ላጪላት። እንቅልፏ ሲመጣ የሰው ጆሮ ነው የምትይዘው፣ እንዳትከለክያት። መዝገብ ላይ በጻፉት ስም አትጥሪያት፣ አታውቀውም።» ከዚያ የቤት ስሟን ነገራት። ሞግዚቷ እያለቀሰች ሰማችው። እስከዚያ ቀን ይህን ሁሉ ማንም አልጠየቀውም። መዝገቡ ላይ የነበረው ዕድሜ፣ ጾታ፣ «ወላጅ አልባ» የሚል ነገር ብቻ ነው።

ያቺ ሞግዚት ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ሐሙስ ሐሙስ ሒርማታ ገበያ ስትወጣ አንዱን ልጅ በተራ አዝላ ትሄድ ነበር። «ልጅ ገበያ ሳያይ እንዴት ያድጋል?» ትላለች። ከእሷ የተማርኩትን ዛሬም ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ።

ክረምት ላይ አክስታቸው መጣች። የሟች እህት ናት። በየመናኸሪያው እየጠየቀች ነው የደረሰችው። የልጆቹን ስም ስትናገር መዝገብ ቤቱ «የሉም» አላት፤ በሌላ ስም ነው የተመዘገቡት። የትንሿን የቤት ስም ሰምታ የደረሰችላት ሞግዚቷ ናት። አክስትየው ትንሿን ይዛ ሄደች። ልጁ ግን ከተላከበት ቦታ ጠፍቶ ነበር። እህቱን ፍለጋ ነው የወጣው ብዬ አምናለሁ። የት እንደደረሰ አላወቅሁም። ይሄ ቁጭት አይለቀኝም። አሁን ጎልማሳ ሆኗል፤ እኔ ግን መናኸሪያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ልጅ ይፈልጋል።

ዛሬ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃኑ ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። በ2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቀረ። በእኛ አካባቢማ፣ በኦሮሞ ባህል፣ ጉዲፈቻ ከነዚህ ወረቀቶች ሁሉ በፊት የነበረ ነው። ወረቀቱ ግን ልጁን አይጠይቅላችሁም። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ፎርም ሳይሞላ፣ ጠይቁት። ማን ያዝልህ ነበር? የማን ቤት በልተህ ታውቃለህ? ከሰፈራችሁ ስትወጡ ወንዝ ነበር? መስጊድ? ቤተ ክርስቲያን? የሚጠራበትንም ስም እሱ እንዳለው ጻፉ። አንድ የሚፈልገው ሰው የሆነ ቦታ ሊኖር ይችላል።

የዛሬ ልጆች ፎርም ላይ ጎበዞች ናችሁ። ቶሎ «ትራውማ» (ክፉ ነገር አእምሮ ላይ ጥሎት የሚሄድ ጉዳት) ትላላችሁ፣ ይሄ አይዋጥልኝም። ልጅ ዝም ሲል ትራውማ ብሎ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም፤ አጠገቡ መቀመጥ ግን ከሰዓቱን ሁሉ ይወስዳል። በሌላ በኩል፣ እኛ አፍረን የማንጠይቀውን ጥቃት እናንተ በግልጽ ትጠይቃላችሁ። በዚህ ትበልጡናላችሁ።

አሁን ወደ ኃላፊነቱ። ያኔ እኔ ያጣሁት ጉዳዩን ይዤ የምቀመጥበት ሰው ነው። ሱፐርቪዥን ስትሉ የሰዓት ፊርማ ቁጥጥር አይምሰላችሁ። ጀማሪው ባለሙያ ልጁን ወደ መኪናው ከማስገባቱ በፊት «ቆይ፣ ማንን ጠየቅን?» የሚለው ሰው ማለት ነው። እንደዚያ ያለ ኃላፊ የምትሆኑ ከሆነ ሁኑ። ቢያንስ አንድ ልጅ ግን በራሳችሁ እጅ ይኑር፤ አለበለዚያ እናንተም ከዱቄት ሂሳብ ቀና አትሉም። ክፍል ውስጥ «ሥራን ወደ ቤት አትውሰዱ» እላችኋለሁ። አንድም ሌሊት ስለ ልጅ አስቦ እንቅልፍ ያላጣ ባለሙያ ግን አላምንም። ሁለቱንም የምለው ከልቤ ነው።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ እናንተም ጠይቁ፤ ሱፐርቫይዘሬ ማን ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ይሰጠኛል? መልስ ካጣችሁ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ፈልጉና ሳምንታዊ ውይይት ራሳችሁ ጀምሩ። የልጆቹን ስም ሳትጠሩ፣ በር ዘግታችሁ። ካፌ ውስጥ እንዳይሆን፤ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው የልጁ አክስት ልትሆን ትችላለች።