ኪሎው የሚመጣው ከማታው ነው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሚቀጥለው ወር ኮሌጅ ልትገቢ ነው። ታላቅ እህትሽ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ስትመለስ ብዙ ኪሎ ጨምራ ስላየሻት ፈርተሻል። "ከአሁኑ ዳይት ልጀምር ወይስ ቁርስ ልተው?" ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም አታድርጊ። ለምን እንደምልሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ፤ እኔም ያለፍኩበት ነገር ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

አንደኛ ዓመት ላይ 6 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ስገባ ልኬ የነበረው ሱሪ በዓመቱ መጨረሻ ቁልፉ አልደርስ አለኝ። ጥፋቱን ሁሉ የጣልኩት በካፌው ላይ ነበር። ዘይቱ በዛ፣ ዳቦው በዛ እያልኩ ነው ዓመቱን የጨረስኩት። እውነቱ የገባኝ ዶርም ለቅቀን ልንወጣ ስንል ነው። ለማጽዳት አልጋዬን ሳብኩት። ከአልጋው ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ላይ፣ የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ ተጠቅጥቆ አገኘሁ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 43 ነበር። እሱም ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የጣልኩትን ሳይጨምር ነው።

የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም። ካፌ የበላሁትን ብትጠይቂኝ ከማን ጋር ተቀምጬ እንደበላሁ ጭምር እነግርሽ ነበር። ከእነዚያ 43 ውስጥ ግን አንዱንም ስበላ አላስታውስም። ርቦኝ የበላሁትም አንድም አልነበረም። ደብተር ተዘርግቶ፣ ስልክ በግራ እጅ፣ ላስቲኩ በቀኝ። ሰዓቱም ሁሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው።

ቤት እያለሽ የምግብ ሰዓትሽን የሚጠብቅልሽ ሌላ ሰው ነው። እራት ይበላል፣ ሳህን ይታጠባል፣ የማድ ቤቱ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚበላ ነገር መፈለግ ራሱ ያሳፍራል። ኮሌጅ ስትገቢ መብራቱን የሚያጠፋልሽ ሰው የለም። ቁርስ ሳትበዪ ብትውዪ የሚጠይቅሽ የለም፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ብትበዪም እንደዚያው። እኔን ያወፈረኝ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንቺም ይዘሽ መሄድ ያለብሽ ዳይት ሳይሆን ሰዓት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ፍርሃቱን በልኩ እናድርገው። "ፍሬሽማን ፊፍቲን" የሚባል አባባል ሰምተሽ ይሆናል። አንደኛ ዓመት ተማሪ 15 ፓውንድ ይጨምራል ይላል፤ ወደ 7 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ይህ ከአሜሪካ የመጣ አባባል ነው፣ በጣምም የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት የ32 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርጎ ሲያሰላ፣ ተማሪዎቹ በአማካይ የጨመሩት 1.4 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ከ10 ተማሪ 6ቱ ያህል ጨምረዋል። የጨመሩት ለብቻቸው ሲታዩ አማካዩ 3.4 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ትንሽ ይጨምራሉ፣ አንዳንዱ ምንም አይጨምርም፣ እንደ እኔ ዓይነቱ ደግሞ ከአማካዩ ያልፋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በ18 እና በ19 ዓመት ሰውነት ገና መገንባቱን አልጨረሰም። በተለይ ወንዶች አጥንትና ጡንቻ መጨመራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ኪሎ ሲጨምር ሁሉ "ወፈርኩ" ማለት ልክ አይደለም።

3 ኪሎ በዘጠኝ ወር ሲካፈል ምን ያህል እንደሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ? በግርድፉ ሲሰላ በቀን 100 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ሁለት ሦስት ብስኩት ነው። አካሄዱ እንዲህ ዝግ ያለ ስለሆነ ነው ማንም በጊዜ የማያየው። ደስ የሚለው ግን ለመከላከልም ትልቅ ነገር አይጠይቅም። ራስሽን ማስራብ አያስፈልግሽም።

ከእንቅልፍ ልጀምር፤ ሰው አቅልሎ የሚያየው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ አስተኛቸው። በሌላ ጊዜ ደግሞ አልጋ ላይ 10 ሰዓት እንዲቆዩ አደረገ። 4 ሰዓት ብቻ በተኙበት ጊዜ "ጠግቤያለሁ" የሚለው ሆርሞን፣ ሌፕቲን፣ በ18 በመቶ ቀነሰ። "ራበኝ" የሚለው ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ። በጣም ያሰኛቸው ደግሞ ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና እንደ ዳቦ ያለ ነገር ነበር። የተሠራው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፣ ግን ሳነበው የራሴን ሌሊቶች ያየሁ መሰለኝ። የፈተና ሰሞን 4 ሰዓት ተኝቼ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሆዴ አይሞላም ነበር። ሆዳም የሆንኩ መስሎኝ ራሴን እወቅስ ነበር። ለካ እንቅልፍ ነው የጎደለኝ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ያደረግኩት ይህን ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ደብተር እዘጋለሁ። ያልጨረስኩት ካለ ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቼ እጨርሰዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቸግሮኛል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውነቴ ራሱ ለመደው። ቡናም ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ካለፈ አልጠጣም። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር፣ ካፌይን፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ሌሊት 7 ሰዓትም ግማሹ ደምሽ ውስጥ አለ ማለት ነው።

የማጠኚያ ቦታም ለውጫለሁ። ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ሆኖ ማጥናት ተውኩ፣ ላይብረሪ መሄድ ጀመርኩ። እዚያ መብላት ክልክል ነው። ራሴን ከልክዬ ያልቻልኩትን ቦታው ከለከለልኝ። መሳቢያዬ ውስጥም ብስኩት ማስቀመጥ አቆምኩ። ካማረኝ ተነስቼ፣ ጫማ አድርጌ፣ ሱቅ ድረስ ሄጄ አንድ ገዝቼ እበላለሁ። ክልክል አላደረግኩትም፣ ራቅ አደረግኩት እንጂ። ከአስር ጊዜ ስምንቱን ጫማ ማድረጉ ይሰለቸኝና ፍላጎቱ ያልፋል።

በእርግጥ ማታ የሚርብበት ቀን አለ። እራት በጊዜ ከተበላና እስከ እኩለ ሌሊት ከተቆየ ይርባል፣ ያ እውነተኛ ረሃብ ነው። ለእሱ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ ያዢ። መለያው ቀላል ነው። እንቁላል ቢሰጡሽ ትበያለሽ? አዎ ካልሽ ርቦሻል። ብስኩት ብቻ ከሆነ የሚያምርሽ፣ ወይ ደክሞሻል ወይ ከፍቶሻል።

የመከፋቱ ነገር ትንሽ ያቆየኝ። ከቤት ርቆ መኖር የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ይከብዳል። ጓደኛ ገና አልያዝሽም፣ ፈተናው እንደ ሃይስኩል አይደለም፣ ሰው መሃል ሆነሽም ብቸኝነት ይሰማሻል። እኔ ያን ስሜት ስም ሳልሰጠው በምግብ ነበር የማስታግሰው። ለቤተሰብ ስደውል "ደህና ነኝ" እላለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ እጄ ወደ መሳቢያው ይሄዳል። አንድ ቀን ታዲያ ለእናቴ "ደህና አይደለሁም" አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን። ያን ማታ ምንም ሳልበላ ተኛሁ፣ ትዝም አላለኝ። እባክሽ ለአንድ ሰው እውነቱን ተናገሪ። ኮሌጅሽ ውስጥ የምክር አገልግሎት ካለም ሳታፍሪ ሂጂ።

ለስላሳ መጠጥን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ሒሳቡ በቂ ነው። ግማሽ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ከ50 ግራም በላይ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ50 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር አትውሰዱ፣ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ደግሞ ይሻላል ይላል። አንድ ጠርሙስ የቀኑን ኮታ ጨረሰው ማለት ነው። ደግሞ የተጠጣ ካሎሪ እንደተበላው አያጠግብም፣ ላዩ ላይ ምሳሽን እንዳለ ትበያለሽ። የታሸገ ጁስም ከዚህ ብዙ አይሻልም። አልኮል የሚጠጡ ካሉ፣ አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፣ ከጠጡ በኋላ የሚበላው ደግሞ ሌላ ነው። የውሃ ጠርሙስ ከቦርሳሽ አይጥፋ።

አሁን ቁርስ ልተው ወዳልሽው ልምጣ። እኔ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ስደነግጥ "በቀን አንዴ ብቻ እበላለሁ" ብዬ ወሰንኩ። ለ11 ቀን ቻልኩ። በ12ኛው ቀን ክላስ ውስጥ ለጥያቄ ስነሳ ዓይኔ ጨለመብኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያን ማታ ከሁለት ሰው በላይ የሚበላውን በላሁ። ከዚያ ጥፋተኝነት፣ ከጥፋተኝነቱ ደግሞ እንደገና ጾም። ይህ ዙር ከ6 ኪሎው የበለጠ ጎድቶኛል። አንዳንድ ሰው ቁርስ ሳይበላ ደህና ይውላል፣ አልክድም። ፈርቶ፣ ራሱን ለመቅጣት የሚተወው ሰው ግን ማታ ይከፍለዋል። የአመጋገብ መታወክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ በአንቺ ዕድሜ ነው። በልተሽ ማስመለስ ካማረሽ፣ ወይም ስለ ምግብ ማሰቡ ትምህርትሽን ከነሳሽ፣ ኪሎውን ተዪውና ሐኪም አናግሪ።

ካፌ ውስጥ እንደፈለግሽ የምታነሺ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ዞረሽ እዪ። ከዚያ ሳህን አንሺ። ግማሹን አትክልት፣ የቀረውን እንደ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ያለ ነገርና ሩዝ ወይም ዳቦ። ከካፌ የሚወጣው ምግብ ከታሸገው ይሻላል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ላይ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በጣም የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እንደልባቸው በሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ትርፍ ሲበሉ፣ በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ጨመሩ። የቀረበላቸው ምግብ ስኳሩም፣ ቅባቱም፣ ጨውም እኩል ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ካፌውን አትፍሪው።

ስፖርት? ከቻልሽ ጥሩ ነው፣ ግን ለኪሎ ብለሽ ብቻ አትጀምሪ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። እኔ ከዶርም ክላስ ረጅሙን መንገድ መርጬ ነው የምሄደው፤ ጂም አልከፈልኩም።

ሚዛን ካለሽ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበዪ። በየቀኑ የሚታየው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ውጣ ውረድ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ጨው የበዛበት እራትና የወር አበባ ብቻውን ያመጣዋል። በየቀኑ መመዘን የሚጠቅማቸው ሰዎች አሉ። አንቺ ግን ገና ሳትገቢ ይህን ያህል ከፈራሽ፣ ባትመዘኚ እመርጣለሁ። ለመለኪያ ልክሽ የሆነ አንድ ሱሪ ይበቃሻል። አበላልሽን ሳትለውጪ በድንገት ብዙ ከጨመርሽ፣ በተለይ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመርሽ ግን ክሊኒክ ታዪ።

ስለ እህትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ስትገባ ሰው ሁሉ ስለ ሰውነቷ እንዳወራ ጽፈሻል። እኔም በር ላይ ሻንጣ ይዤ ቆሜ "ወፈርሽ!" ነው የተባልኩት። ውጤቴን ማንም ከመጠየቁ በፊት። አንቺ ለእሷ እንደዚያ አትበዪ። ይልቅ ማታ ማታ እንዴት ታሳልፊ ነበር ብለሽ ጠይቂያት። ከእኔ የበለጠ የምትነግርሽ ነገር ይኖራታል፣ ምናልባትም እስካሁን የጠየቃት ሰው የለም።

የትምህርት ፕሮግራምሽ ሲደርስሽ እዚሁ ላኪልኝ። ጠዋት የመጀመሪያው ክላስሽ ስንት ሰዓት እንደሆነና ካፌው እራት ስንት ሰዓት እንደሚያቆም ብቻ ንገሪኝ። ከዚያ ተነስተን የምግብና የመኝታ ሰዓትሽን አብረን እናወጣለን።