የእማዬ ፈሳሽ አልቆም አለ፣ ካንሰሩ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እናቴ 54 ዓመቷ ነው፣ የማህፀን በር ካንሰር ተብላ ኦፕራሲዮን ከሆነች 9 ቀኗ፣ ማህፀኗም ዳሌዋ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶችም ወጥተዋል። ሆዷ ላይ ድሬኑ (ፈሳሹን ወደ ጠርሙስ የሚያወጣው ቱቦ) እንዳለ ነው ቤት የገባነው፣ ትናንት 180 ሲሲ ዛሬ 150 ቀዳሁ፣ መጀመሪያ ቀይ ነበር አሁን ቢጫ ሆኗል። እሷ ይቀንስልኛል ብላ ውሃ መጠጣት ትታለች፣ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ አፍራ ጠርሙሱን አልጋው ላይ ጋቢ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። የሚፈሰው ካንሰሩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር እናትሽን ይማርልሽ። ካንሰሩ አይደለም፣ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ ነው። ድሮ በንፍፊቶቹ በኩል ነበር የሚያልፈው፣ እነሱ ሲወጡ መንገዱ ስለተቆረጠ ሰውነቷ ሌላ መንገድ እስኪያበጅ ዳሌ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ድሬኑም የገባው እሱን ለማውጣት ነው። ከቀይ ወደ ቢጫ መሄዱም ቁጥሩ መውረዱም ደህና ምልክት ነው። ብዙ ሐኪሞች በ24 ሰዓት ከ50 ወይም ከ100 ሲሲ በታች ሲሆን ድሬኑን ያወጡታል፣ እናንተ ግን እንዳትነኩት፣ ብቻ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለክተሽ ደብተር ላይ ጻፊ።

ውሃውን ግን ዛሬውኑ ትጠጣ! በውሃ ጥም ሊምፍ አይቆምም፣ ድርቀትና የሽንት ኢንፌክሽን ነው የምታተርፈው። በዚህ ኦፕራሲዮን የፊኛ ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ሽንቷ መምጣቱ ላይሰማት ይችላል፣ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ከወጣላት ባይመጣባትም በየ3 ሰዓቱ ሽንት ቤት ትግባ። ጠርሙሱም ከቁስሉ ዝቅ ማለት አለበት፣ ጎኗ ጋቢ ውስጥ ሲሆን በደንብ አይወርድም፣ ተመልሶም ሊገባ ይችላል። ማፈሯ ይገባኛል፣ ስንት እናቶች ናቸው እንዲህ የሚደብቁት፣ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት አድርገሽ ከወገቧ በታች ቀሚሷ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዢላት፣ ከላይ ነጠላ ትጣልበት።

ትኩሳቷ 38 ከደረሰ፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ደማቅ ደም ከመጣ፣ አንድ እግሯ አብጦ ካመማት ወይ ትንፋሽ ካጠራት ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ውሰጃት፣ እግርና ትንፋሽ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይታደርበትም። በብልቷ በኩል ውሃ መሳይ ነገር ሁሌ ካረጠባት ወይ ድሬኑ ድንገት ጨምሮ ሽንቷ ካነሰም እንደዚሁ፣ የሽንት መስመር ተጎድቶ ይሆናል፣ ከፈሳሹ ወስደው ክሬአቲኒን (ሽንት ውስጥ የሚበዛ ነገር) ከለኩ ይለያል።

እና የባዮፕሲውን (የወጣው አካል ላብራቶሪ የተመረመረበትን) ውጤት ጠይቂ። ንፍፊቶቹ ላይ ካንሰር ከተገኘ ጨረርና ኬሞ ይጨመርላታል፣ እሱ ደግሞ ወረፋ አለው፣ ወረቀቱን በእጅሽ ሳትይዢ ከቀጠሮው እንዳትመለሺ።