ሌሊቱን ያልቆጠረ ሥልጠና

በጅማ ጎዳና ላይ ከሚያድሩ ሰዎች ጋር ለመሥራት ለተነሣችሁ ወጣቶች፣

አብዛኞቻችሁ የምትይዙት ዕቅድ ተመሳሳይ ነው። ሃያ ሰው መመልመል፣ ሦስት ወር ማሠልጠን፣ የምስክር ወረቀት መስጠት፣ መሣሪያ ማስያዝ፣ ፎቶ መነሣት። በጎ ዕቅድ ነው፤ የጎደለው ሌሊቱ ነው። ሰውየው ሲመሽበት የት ይገባል? የሥራ ዕቃ ሳጥኑን የት ያሳድራል? በኪሱ ያለውን ሁለት መቶ ብር እስኪነጋ ማን ይጠብቅለታል? ሙያ ማስተማሩ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ሊስትሮ በሁለት ቀን፣ ጀበና ቡና በሳምንት ይለመዳል። ሰው ወደ በረንዳ የሚመለሰው ሙያው ጠፍቶበት ሳይሆን ሳጥኑን በሌሊት ተሰርቆ ወይም ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው የቤት ኪራዩ ጎድሎበት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ ጠይቃችሁ ተኩ። አንድ ሰው ወጪውን አውጥቶ በቀን 150 ብር ያገኛል እንበል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 3,900 ብር ይሆናል። ምግብ በቀን 80 ብር ቢሆን በወር 2,400፣ የአንድ ክፍል ኪራይ 1,500፤ ድምሩ ያው 3,900 ነው። በበጋ ያለ ትርፍ ያለ ኪሳራ ወሩን ጨረሰ። ግን ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሥራው ቀን ወደ 18 ቢወርድ ገቢው 2,700 ይሆንና በየወሩ 1,200 ብር ይጎድለዋል። በመስከረም ከቤት የወጣ ሰው ስታዩ «ሰነፈ» ከማለታችሁ በፊት ይህን 1,200 ብር አስቡ።

አሁን ያንኑ ክፍል ለሁለት ይከራዩት። የእያንዳንዱ ኪራይ 750 ይሆናል። በበጋ በወር 750 ብር ይተርፋል፤ በክረምት የሚጎድለው 450 ብቻ ነው። የሁለት የበጋ ወር ቁጠባ የሁለቱን የክረምት ወር ጉድለት ሸፍኖ ይተርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሙያ ትፈልጋለህ?» ሳይሆን «ከማን ጋር ብትኖር ትተማመናለህ?» ነው። ጥንዱን እናንተ አትምረጡ። አንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ያደሩ ሰዎች ማን እንደሚሰርቅ፣ ማን ሌሊት እንደሚጮህ፣ ማን የታመመ ጓደኛውን እንደማይጥል ከእናንተ ቅጽ በተሻለ ያውቃሉ። ወደ አከራዩም አስቀድማችሁ ሂዱ። ድርጅቱ የሁለት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፍሎ ሦስተኛውን ወር ተከራዮቹ ራሳቸው እንዲከፍሉ ይደረግ። ስድስት ወር ሙሉ የከፈላችሁ እንደሆነ አከራዩ የሚያውቀው እናንተን ነው፤ እናንተ ስትወጡ እነሱንም ያስወጣል።

ሥልጠና መቼ ይጀመር? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አትክፈቱ። የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ አጋሮ፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ማና ይሄዳል። በሪፖርት ላይ «ሥልጠና አቋርጦ የጠፋ» ተብሎ የሚጻፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቡና ሲለቅም ነው የሚገኘው፤ ከእኛ የውሎ አበል የተሻለ ስለሚያገኝ ልክ ነው። ከጥምቀት በኋላ ጀምራችሁ ሚያዝያ ላይ ከጨረሳችሁ ተመራቂው ዋናው ዝናብ ሳይገባ የሚቆጥብባቸው ጥቂት ሳምንታት ያገኛል። ከለቀማ የተረፈች ገንዘብ ካለችውም የኪራይ መነሻ ትሆነዋለች፤ ለዚህ ግን ከመሄዱ በፊት የሚያስቀምጥበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ሰዓቱም እንደ ወሩ ነው። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው እራቱ ብዙ ጊዜ ቡሌ፣ ማለትም የሆቴል ትራፊ ምግብ ነው፤ ቡሌ ደግሞ የሆቴሎች ምሳ ካለቀ በኋላ ፌስታል ይዞ ሰልፍ ላይ ለተገኘ ነው። ትምህርቱን እስከ 8 ሰዓት ካስረዘማችሁ ሰውየውን እራቱን አስቀራችሁት ማለት ነው። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30 በቂ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት ቂንጬ ወይም ሌላ የሚያጠግብ ነገር ይቅረብ፤ ዳቦና ሻይ አያደርስም። የከሰዓት ትምህርት በጅማ በሌላም ምክንያት አይሆንም፤ ጫት አለ። ስለ ጫት ረጅም ንግግር ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጠዋቱን መያዝ ይበልጣል።

ማስቲሽ ግን ከጫት ይለያል፤ በንግግር ሳይሆን በሙያ ምርጫ መልስ የሚሻ ጉዳይ ነው። ማስቲሽ የሚስብ ወጣት ለመተው እየሞከረ ከሆነ ጫማ ጥገና አታስገቡት። የጫማ ጠጋኝ ዋና ዕቃው ማስቲሽ ነው! ሶፋ ሥራም እንዲሁ ነው፤ የቀለም ቅብ ቤት ደግሞ ቲነር አለ። ይህን የማያስተውል ድርጅት ልጁን በአንድ እጁ እየያዘ በሌላው ይገፋዋል። በነጭ ኮላ ብቻ የሚሠራ የእንጨት ሥራ፣ የኮብልስቶን ንጣፍ፣ የመኪና እጥበት፣ የችግኝ ጣቢያ ይሻሉታል። መሳቡን ላቆመ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት የእጁ ሥራ ምን እንደሚሸት መጠየቅ ተራ ጥያቄ አይደለም።

እንጨትን ካነሣን ጅማ ላይ ሁሉም በርጩማ ማሠራት ይፈልጋል። ይገባኛል፤ ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አትነቃነቅም፤ ቱሪስትም ይወዳታል። ነገር ግን ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የምትወጣ ስለሆነች የጀማሪ ሥራ አይደለችም። ዋንዛውም ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ የተከለከለ ዛፍ ነው፤ ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁ። ለጀማሪ የቡና ጥላ የሆነው ግራቪሊያ ይበቃል፤ በጣውላና በብሎን የሚገጠም ቀላል መቀመጫ ይሥሩበት።

የሚበላሸው ማድረቁ ላይ ነው። ድርጅቱ በጀቱ ሊዘጋ ሲል ሰኔ ላይ እርጥብ ጣውላ በጅምላ ይገዛል፤ ሠልጣኞች ወዲያው ይሠሩበታል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ ሲበረታ መቀመጫው ይሰነጠቃል፤ ገዥው ይመልሰዋል፤ ስሙ የሚጠፋው ሠልጣኙ ነው። እንጨት ውኃውን በጫፎቹ በኩል ቶሎ ስለሚያጣ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከጫፍ ነው፤ ስለዚህ በገዛችሁበት ቀን ሁለቱን ጫፍ ቀለም ወይም ሰም ቀቡት። ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጣሪያ ሥር ደርድሩት። በየመደዳው መካከል 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው እኩል ዘንጎች በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይግቡ፤ ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጣውላው ይጎብጣል። ደረቀ አልደረቀም በእጅ ዳብሶ አይታወቅም። አንዱን ጣውላ ምልክት አድርጋችሁ በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርሷል። ወራት ይፈጃል። ይህን መጠበቅ የማይችል ፕሮጀክት እንጨት ሥራ አይጀምር።

ጀበና ቡና ለሴቶች የሚመረጠው በትንሽ ገንዘብ ስለሚጀመር ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ተቆልቶ ከ800 እስከ 850 ግራም ይሆናል፤ ለሲኒ 8 ግራም ቢታሰብ 100 ሲኒ ገደማ ይወጣዋል። ይህን ቁጥር ማንበብ የማትችል ሴትም በጠጠር ቆጥራ ትይዘዋለች። የሚያከስራት የቡናው ዋጋ ሳይሆን ዱቤ ነው። ከሲኒው ዋጋ ሲሶው ትርፍ ቢሆን፣ ከአሥር ሲኒ ሦስቱ በዱቤ ወጥተው ከቀሩ የቀኑ ትርፍ አለቀ ማለት ይቻላል። ተበዳሪዎቹ ደግሞ የባጃጅ ሾፌሮችና የቀድሞ የበረንዳ ጓደኞች ናቸው፤ እምቢ ማለት ይከብዳታል። በሥልጠናው ውስጥ ዱቤ እምቢ ማለትን እንደ ትርኢት አለማምዷት፤ «ቡናው የማኅበሩ ነው፣ ማታ ይቆጠራል» የሚል ምክንያት ስጧት። ልጅ ያዘለች እናት ከሆነች ደግሞ ልጁን የሚይዝ ሰው ሳይገኝ ሥልጠናው ባይጀመር ይሻላል፤ ከሰል ላይ ጀበና ተጥዶ ሕፃን አጠገቡ መሬት ላይ ሲድህ ማየት አልፈልግም።

መሣሪያ በአንድ ቀን አሟልታችሁ አትስጡ፤ ስጦታም አታድርጉት። በስድስት ወር ውል ይረከብ፤ ንብረቱ እስከዚያ የድርጅቱ ይሁን፤ ከዚያ ስሙ ላይ ይዛወር። ለሊስትሮ መጀመሪያ ሳጥኑ፣ ሁለት ብሩሽ፣ ጥቁርና ቡናማ ቀለም፣ ጨርቅ፤ ከወር በኋላ የቀረው። አንድ ክፍል ተከራይታችሁ በቁልፍ የሚዘጉ ሳጥኖች አስገቡና ዕቃው እዚያ ይደር፤ ጠዋት 12 ሰዓት የሚከፍት ሰው መድቡ። የሊስትሮ ሥራ የሚገኘው ሠራተኞች ወደ ቢሮ ሲገቡ ነው፤ ቢሮ እንደሚከፍት ሰው 2፡30 ከመጣችሁ ገበያው አልፏል። ይህች ክፍል ከምስክር ወረቀቱ ሁሉ የበለጠ ሰው ከጎዳና ታወጣለች፤ ለጋሾች ግን ፎቶ ስለማይወጣላት አይወዷትም።

መታወቂያው ከሥልጠናው በፊት ይቅደም። ያለ እሱ ሲም ካርድ የለም፣ ቴሌብር የለም፣ የባንክ ደብተር የለም፤ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ያድራል። ጎዳና የሚያድር ሰው የቤት ቁጥር ስለሌለው በቀበሌ በኩል ይቸገራል፤ ለፋይዳ (ለብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ምዝገባ ግን ሰነድ ለሌለው በምስክር የሚመዘገብበት አሠራር አለ። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ ጻፉ፤ የከተማው የሥራ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሲያስተረጉሙ አንድ ሳምንት አይለፍ። ድንጋይ ሲሸከም የኖረ ሰው የጣት አሻራው ስለሚደበዝዝ ማሽኑ ሊያስቸግር ይችላል፤ ከቀናት በፊት እጁን ከሲሚንቶ ያርቅ፣ ቅባት ይቀባ። ቁጥሩ ሲመጣ ቅጂውን በፋይል ያዙለት፤ ስልኩ መጥፋቱ አይቀርም።

ስለ ጤና ሁለት ነገር። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ከሌሎች ጋር ክፍል ከመጋራቱ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታው ይመርመር። የቲቢ ሕክምና ነፃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ታካሚው ወደ ቡና ለቀማ ከሄደ የዝውውር ወረቀት ይዞ ይሂድ። ሁለተኛው ቅማል ነው። ክረምት ሲገባ ሰዎች ተጠጋግተው ሲያድሩና ልብስ ሳይቀይሩ ሲቀሩ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ይመጣል። መድኃኒቱ በተጀመረ በሰዓታት ውስጥ ከባድ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ፤ ጤና ጣቢያ ይተኛ። ልብሱን ቀቅሉት፤ ሰውነቱን አጥባችሁ ያንኑ ልብስ ካለበሳችሁት ቅማሉ ልብሱ ስፌት ውስጥ ነው የሚጠብቀው።

ዕድሜም ጠይቁ። ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ሕጉ በሥራ እንዲቀጠር አይፈቅድም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ላሉትም የቀኑ ሥራ በጠቅላላው ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። ለሕፃናቱ መንገዱ ቤተሰብ ፍለጋና ትምህርት ቤት ነው፤ የሙያ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ቁጥር ለመሙላት አታስገቧቸው።

እቁብ ጥሩ ነው፤ ግን በአምስት ሰው፣ በሳምንታዊ ትንሽ መዋጮ ይጀመር፤ አዲስ የገባ ሰው ዕጣው ወደ መጨረሻ ይሁን። ቶሎ የደረሰው ሰው ሊጠፋ ይችላል፤ ሲጠፋም የሚጠፋው የእቁቡ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እሱም ጓደኞቹን ያጣል። እድር ግን ወዲያው ይግቡ። የእድር አባል የሆነ ሰው ሲታመም የሚጠይቀው፣ ቀበሌ ሲሄድ «አውቀዋለሁ» የሚለው ጎረቤት አለው። መመዝገቢያውን ድርጅቱ ቢከፍልም ወርኃዊ መዋጮውን ራሱ ይክፈል።

ሪፖርታችሁን በተመለከተ፣ የሠለጠነውን ቁጥር ለጋሹ ይጠይቃችኋል፤ ስጡት። ለራሳችሁ ግን ሌላ ደብተር ይኑራችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል፤ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጊዜ አራት ነገር ጻፉበት፦ ትናንት ማታ የት አደረ፣ መሣሪያው የት አደረ፣ ኪራዩን ማን ከፈለ፣ ቁርሱን ምን በላ። ቢሮ ጠርታችሁ አትጠይቁት፤ ቢሮ የተጠራ ሰው ደህና ነኝ ነው የሚለው። ማታ 1 ሰዓት ላይ የዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቁሙ። ሳጥኑን ሊያስረክብ ካልመጣ፣ በዚያው ማታ ሂዳችሁ ፈልጉት።