«ስንት ትቀንሳለህ?» የማይል ደንበኛ የት ነው ያለው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መልሱን የሚሰጡት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የቆርቆሮና የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው የአምዳችን አዘጋጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? አናጢ ነበርኩ፤ አሁን በራሴ ጣሪያ እየተኮናተርኩ እሠራለሁ። አምስት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ሥራ አላጣሁም፤ ችግሬ የሚመጣው ደንበኛ ነው። ገና መሰላል ሳላቆም «ስንት ትቀንሳለህ?» ይለኛል። ሌላው ግማሹን ይከፍልና ስልክ አያነሳም። የድሮ ደንበኞቼ ብዙዎቹ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ሄደዋል። ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ ደህና ድርጅት ማግኘት እፈልጋለሁ። ዋጋዬን ሰብሬ ልግባ ወይስ ምን ይሻለኛል?
*ከአራት ኪሎ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ። ግን ማን ምን እንደሚገዛ፣ ማን ከማን ጋር ተጨቃጭቆ እንደሚወጣ ከባንኮኒዬ ሆኜ አያለሁ። የምነግርህ ከዚያ ያየሁትን ነው።

ዋጋ ሰብረህ አትግባ። በቅናሽ የመጣ ደንበኛ ነገ ሌላው ሲቀንስለት ይሄዳል። ይልቅ ሥራ ልታይ ስትሄድ ጣሪያውን ብቻ አንጋጠህ አትመለስ። ከጣሪያው ሥር ምን እንዳለ እይ። ባዶ ግቢና አሮጌ ሶፋ ከሆነ፣ ሰውየው ከአንተ ጋር የሚከራከረው በቆርቆሮ ዋጋ ነው። መድኃኒት፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ዝናብ የሚያበላሽበት ንብረት ከአንተ ዋጋ ይበልጣል። አንተ የምትፈልገው ይህን ሰው ነው።

መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚያከፋፍል ደንበኛ አለኝ። ክረምት ሲገባ መጋዘኑ ብትገባ ጣቃው ሁሉ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ መሐል ላይ ሁለት ሳፋ ተቀምጧል። ልጁ ሳፋውን እየደፋ ይመለሳል። ይህ ሰው ሚስማር ስንት ገባ ብሎ አይከራከርም። የሚጠይቅህ «ሐምሌ ላይ አይነካኝም?» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አራት ኪሎም አለ፤ ማተሚያ ቤቱን፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩን፣ መድኃኒት ቤቱን ቁጠር። አንተ በየቀኑ በበሩ ታልፋለህ።

እንዴት ትገባለህ? በጊዜው ሂድ። አዲስ አበባ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ይከፋሉ። ሰው ግን ጣሪያ ሠሪ የሚፈልገው ውኃው አልጋው ላይ ሲንጠባጠብ ነው። ያኔ አንተም እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት አትችልም። ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት ያንተ ናቸው። የበልጉ ዝናብ የት እንደሚያፈስ አሳይቷል፤ ሰውየው ገና አልረሳም። ግባና «አሸንዳህን ልጥረግልህ፣ ጎማቸው የተሰነጠቀ ሚስማሮችን ልቀይርልህ» በለው። ትንሽ ሥራ ነው፤ ትንሽ ገንዘብ ጠይቅ፣ በነፃ ግን አትሥራ። አንዴ ጣሪያው ላይ ከወጣህ በስልክህ ፎቶ አንሣ። ዝገቱን፣ የተነቀለውን ሚስማር፣ አሸንዳው ውስጥ የበቀለውን ሣር። ወርደህ አሳየው። ባለቤቱ የራሱን ጣሪያ ከላይ አይቶት አያውቅም።

አሸንዳን ካነሣሁ አይቀር አንድ ሒሳብ ያዝ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 200 ካሬ የሚሸፍን ጣሪያ በዓመት 240 ሺህ ሊትር ገደማ ውኃ ይወርድበታል ማለት ነው። ይህን ለባለ መጋዘኑ ወረቀት ላይ ጽፈህ አሳየው። «ይህ ሁሉ በዚህች ቀጭን ቱቦ ነው የሚወርደው» ስትለው ስለ አሸንዳ ዋጋ መጨቃጨቁን ያቆማል። አንዳንዱ እንዲያውም ሮቶ አስቀምጥልኝ ይልሃል።

አሁን ወደ ተፎካካሪህ ልምጣ። ባንተ ዋጋ ላይ ቀንሶ የሚገባው ሰው ከየት እንደሚቀንስ እኔ አውቃለሁ፤ ከኔ ነው የሚገዛው። ለደንበኛው 28 ጌጅ ብሎ 32 ጭኖ ይሄዳል። ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ብዙ ባለቤት አያውቅም፤ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላል። አንተ የሁለቱንም ቁራጭ በቦርሳህ ያዝ። ደንበኛው በእጁ አጥፎ ይየው። የውፍረት መለኪያም ግዛ፤ ቆርቆሮው ሲራገፍ አብራችሁ ለኩ። ደረሰኙንም ስጠው። ስለ ሌላው ሰው ክፉ አትናገር፣ አያስፈልግህም።

ዋጋህን በስልክ አትናገር። ለክተህ በወረቀት ስጥ። ስንት ካሬ፣ ስንት ጌጅ፣ ሚስማሩ ባለ ጎማ መሆኑንና በጉብታው ላይ እንደሚመታ፣ ቆርቆሮው ስንት ሳንቲ እንደሚደራረብ፣ አሸንዳው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ቆርቆሮው ከሚመታበት እንጨት፣ ከሞራሌው፣ የበሰበሰ ቢገኝ በማን ወጪ እንደሚቀየር ይጻፍ። አሮጌው ቆርቆሮ የማን እንደሆነም ጻፍ! ሳቅህ? ሥራው አልቆ ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ፣ ልጆቹ አሮጌውን ቆርቆሮ ለቆራሌው ሸጡት ተብሎ የተጣላ ስንት ሰው ሱቄ መጥቶ አማሮኛል።

ገንዘቡን በሦስት ክፈለው። የዕቃው ገንዘብ ከዕቃው በፊት ይግባ። ወይም ደንበኛው ራሱ መጥቶ ይግዛ፤ አንተ የእጅ ዋጋህን ብቻ ያዝ። ትርፍህ ትንሽ ቢቀንስም የሰው ቆርቆሮ ተበድረህ ስልክ የማያነሳ ሰው አታሳድድም። ሁለተኛው ክፍያ ክዳኑ ሲያልቅ ነው። ትንሿን የመጨረሻ ክፍያ አንድ ደህና ዝናብ እስኪዘንብ ይያዛት በለው። ይህን ራስህ ስትል ሰውየው ያምንሃል። ዝናቡ በጣለ ማግስት እሱ ሳይደውል አንተ ደውል። «አፈሰሰ?» ብለህ ጠይቅ። በዚህ ከተማ ሥራውን ጨርሶ መልሶ የሚደውል ጣሪያ ሠሪ ስለሌለ ወሬው ለጎረቤት ሁሉ ይደርሳል።

ትምህርት ቤት ብለሃል። ጥሩ ነው፤ ግን ችግሩን እወቅ። ተማሪ የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ያኔ ደግሞ ዝናብ ነው። ስለዚህ ሥራው በፋሲካ ዕረፍትና በቅዳሜ እሑድ ይሸነሸናል። ክፍሎቹን በተራ እንደምትሠራ የሚያሳይ መርሐ ግብር ይዘህ ከገባህ፣ ከሌሎቹ ቀድመህ ተቀምጠሃል። ድርጅት ደግሞ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥር፣ ደረሰኝና ፕሮፎርማ ይጠይቅሃል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆንክ 15 በመቶውን ዋጋህ ላይ ለይተህ አሳይ፤ ኋላ ከኪስህ እንዳይወጣ። ክፍያቸው ይዘገያል። የልጆቹን ደመወዝ በድርጅት ቼክ ተስፋ አታድርግ። የመንግሥት ጨረታ ለጊዜው ይቅርብህ፤ የጨረታ ማስከበሪያው ገንዘብህን ይዞብህ ይቀመጣል።

ገመድና ቀበቶም ግዛ። ለልጆቹ ሕይወት ነው በቅድሚያ። ደህና ድርጅት ደግሞ በባዶ እግሩ ጣሪያ ላይ የሚሮጥ ልጅ ሲያይ ከበር ይመልስሃል።

ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡት ደንበኞችህ ደግሞ የሄዱት ጣሪያ ወዳለው ቤት ነው! ስልካቸው አለህ አይደል? አዲሱ ቤት እንዴት ሆነላችሁ ብለህ ጠይቅ። ሥራ ባይኖራቸው እንኳ ጎረቤታቸው አዲስ ነው፣ ጣሪያ ሠሪ አያውቅም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ወንድሜ ጣሪያ ይሠራል፤ ሒሳቡንና ስልኩን የምይዝለት እኔ ነኝ። ቴሌግራም ቻናል ከፍተን የሠራነውን ፎቶ እንለቃለን። ሰው ያያል፣ «ዋጋ ስንት ነው?» ይልና ይጠፋል። ምን እናድርግ?
*ከስድስት ኪሎ*

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጣሪያ ሁሉም ይለቃል። አንቺ ከሥራው በፊት ያለውን ልቀቂ። የዛገውን፣ ውኃው የገባበትን ቀዳዳ፣ ከዚያ የተስተካከለውን በቅርበት አንሥተሽ አስከትዪ። ሰው የራሱን ቤት ችግር ሲያይ ነው የሚደውለው። ሰፈሩን ጻፊ፤ የቤት ቁጥርና ደጃፍ ግን አታሳዪ፣ ባለቤቱንም አስፈቅጂ። «ዋጋ ስንት ነው?» ላለሽ ሰው ቁጥር አትመልሺለት። «ስንት ካሬ ነው? የት ሰፈር? መቼ ነው የሚያፈሰው?» ብለሽ ጠይቂው። ሦስቱን የመለሰ ሰው ደንበኛ ነው፤ ለልኬት ቀን ቁረጪለት። ያልመለሰው ይለፍ።