ለቶር ሪሌይ የትኛውን ፖርት ልክፈት? ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ትንሽ ሰርቨር ተከራይተሽ ቶርን (ትራፊክን በብዙ ሰርቨሮች አሳልፎ የተጠቃሚውን ማንነት የሚሸፍነውን መረብ) ጭነሻል፤ 9001ን፣ 9030ን፣ 9050ንና 9051ን ከፍተሻል፤ ሪሌይሽ (የሌሎችን ትራፊክ የሚያቀብለው ሰርቨርሽ) ግን በይፋዊው የሪሌዮች ዝርዝር ላይ አልታይ ብሎሻል፤ ወደ 443 ልቀይረው ወይ ነው ያልሽው። እኔ ሁለት ሪሌይና አንድ ብሪጅ (በይፋ ዝርዝር ላይ የማይወጣ የቶር መግቢያ) ማስተዳደር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ እኔም ቆሜ ስለነበር ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ 9050ንና 9051ን ፋየርዎሉ ላይ ዝጊ። 9050 በዚያው ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች በቶር በኩል እንዲወጡ የተሠራ የሶክስ ፖርት ነው። 9051 ደግሞ ቶርን የምናዝበት ነው። ማናቸውም ከውጭ ሰው ጋር ሥራ የላቸውም። በተለምዶ የሚያዳምጡት 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱ) ላይ ብቻ ስለሆነ እስካሁን ጉዳት አልደረሰብሽ ይሆናል፤ ግን አንድ ቀን ኮንፊጉ (የቶር ማስተካከያ ፋይል) ላይ አድራሻውን ወደ 0.0.0.0 (ከየትም ለሚመጣ ክፍት) ብትቀይሪው ሰርቨርሽን ለማያውቁሽ ሰዎች ሰጠሽ ማለት ነው። 9030 የድሮው ዳይረክተሪ ፖርት ነው፤ ዛሬ ያ ሥራ በኦአርፖርቱ (ሌሎች ወደ ሪሌይሽ በሚገቡበት ዋና ፖርት፣ በአንቺ 9001) በኩል ስለሚያልፍ አያስፈልግሽም። ስለዚህ ለቶር ከውጭ ወደ ውስጥ የሚከፈተው አንድ በር ብቻ ነው፦ ኦአርፖርት፣ በቲሲፒ። ዩዲፒ አትክፈቺ፣ ቶር አይጠቀምበትም።

ታዲያ ለምን አልታየም? የእኔን ልንገርሽ። ሰርቨሩ ውስጥ በዩኤፍደብሊው (በሊነክስ ፋየርዎል ማስተዳደሪያ) 9001ን ከፍቼ ለአምስት ቀን ሎግ ሳነብ ከረምኩ። ለካ አከራዩ ድርጅት በራሱ ገጽ ላይ ሌላ ፋየርዎል አለው፤ እዚያ ካልተፈቀደ የውስጡ መከፈት ዋጋ የለውም። አንቺም መጀመሪያ እሱን እዪ። ከዚያ ቶርን ሪስታርት አድርገሽ ሎጉን ጠብቂ። ቶር ኦአርፖርቱ ከውጭ እንደሚደረስበት ራሱ ፈትኖ ሲያረጋግጥ መጨረሻው ላይ «ኤክሰለንት» የሚል ቃል ያለበት መስመር ይጽፋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማረጋገጥ አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ መንገዱ አሁንም የሆነ ቦታ ተዘግቷል። መስመሩን ካየሽ በኋላም ዝርዝሩ ላይ እስክትወጪ ጥቂት ሰዓት ታገሺ። (ዩኤፍደብሊውን ከማብራትሽ በፊት የኤስኤስኤች ፖርትሽን (ከርቀት ወደ ሰርቨሩ የምትገቢበትን) መፍቀድሽን ሁለቴ አረጋግጪ። አለበለዚያ ራስሽን ውጭ ትቆልፊያለሽ።)

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ። በመጀመሪያው ዓመት ሰርቨሬ ኤግዚት (ትራፊክ ከቶር ወደ ተራው ኢንተርኔት የሚወጣበት ሪሌይ) እንዳይሆንብኝ ፈርቼ የወጪ ትራፊኩን ከ80ና ከ443 በስተቀር ዘግቼው ነበር። ሎጉ ሰላም ነው፣ ሪሌዩ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ግን ሳምንታት አልፈውም በእሱ በኩል የሚያልፈው ትራፊክ ከቁጥር አይገባም። ሪሌይ እኮ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያቀብል ነው። ሌሎቹ ሪሌዮች ኦአርፖርታቸውን ባሻቸው ቁጥር ላይ አድርገዋል፦ አንዱ 9001፣ ሌላው 8443፣ ሌላው ሰው የማይገምተው አምስት አሃዝ። ወደ እነሱ መሄድ ካልቻልሽ በአንቺ በኩል የሚሠራው መንገድ ግማሹ ይሰበራል። ስለዚህ የሚገባው አንድ በር፣ የሚወጣው ሁሉም በር። ኤግዚት መሆን አለመሆንን የሚወስነው ፋየርዎሉ ሳይሆን ኮንፊጉ ነው፤ ቶርአርሲ (የኮንፊግ ፋይሉ) ውስጥ «ኤግዚትሪሌይ 0» (ExitRelay 0) ብለሽ ጻፊና ከዚህ ሥጋት ተገላገዪ። ኤግዚት የፖሊስ ደብዳቤ ሊያመጣ የሚችል ሌላ ኃላፊነት ነው፤ ጀማሪ አይግባበት።

ወደ 443 ስለመቀየር፦ ያ ፖርት ነጻ ከሆነ አዎ፣ ቀይሪው። ብዙ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት 80ንና 443ን ብቻ ስለሚያሳልፍ እዚያ ያለ ሰው የሚደርስብሽ በዚህ ነው። ግን በዚያው ሰርቨር ላይ ድረ ገጽ አለኝ ብለሻል። በአንድ አድራሻ አንድን ፖርት ሁለት ፕሮግራም ሊያዳምጠው አይችልም፤ ወይ ሁለተኛ አይፒ ግዢ፣ ወይ 9001 ላይ ቆዪ። እኔ አንዱ ሪሌዬ ዛሬም 9001 ላይ ነው፣ ደኅና ይሠራል። ብትቀይሪም የሪሌይሽ መለያ ቁልፍ ስለማይጠፋ ከዜሮ አትጀምሪም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭር ቢሉ ግን አትደንግጪ፤ አዲስ ሪሌይ ጋርድ (ተጠቃሚው መጀመሪያ የሚገባበት ሪሌይ) የሚባለውን ደረጃ የሚያገኘው ቢፈጥን በስምንተኛው ቀን ገደማ ነው፣ ሙሉ ጭነት ለመሸከም ደግሞ ሁለት ወር ያልፈዋል።

በመጨረሻ ላይ «አገር ቤት ያሉትን ለመርዳት ነው» ያልሽው ልቤን ነካው፤ ለዚህ ከሆነ ግን ሐሳብሽን ወደ ብሪጅ አዙሪ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ቶር ሲታገድ ያገዱት የፓኬቱን ውስጥ ፈትሸው፣ የቶርን የግንኙነት አጀማመር ለይተው ነው። እንዲህ ያለ እገዳ ባለበት 443 ላይ መሆንሽ ብቻውን አይሸፍንሽም። ኦብፍስ4 የሚባለው የብሪጅ መሸፈኛ ግን ትራፊኩን ምንም እንዳይመስል አድርጎ ያልፋል። ለብሪጅ 9001ን ፈጽሞ አትጠቀሚ፣ የቶር መሆኑ ስለሚታወቅ አጋጆች የሚያስሱት እሱን ነው። ሌላ ቁጥር ምረጪ፤ ከመረጥሽም አትቀይሪው፤ ሰው የብሪጁን መስመር ከነፖርቱ ገልብጦ ስልኩ ላይ አስቀምጦታልና አንቺ በቀየርሽ ቀን ይቋረጥበታል። አይፒውም አዲስ ይሁን። አሁን ያለሽ ሪሌይ አንዴ ከታየ አድራሻው በይፋ ዝርዝር ላይ ስለሚወጣ ለብሪጅነት አይሆንም።

እነዚህን አይተሽ አሁንም ካልሠራ የሎጉን የመጨረሻ ሠላሳ መስመር እዚሁ ለጥፊልኝ። ስለ ብሪጁ ከሆነ ግን አይፒውንና ፖርቱን ሰርዘሽ ላኪው፣ ይህን ግሩፕ ማን ማን እንደሚያነበው አናውቅም።