ካርቡሬተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ከማስፈታትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን መኪና ታሪክ የጻፍክ መሰለኝ። አሮጌ ሃይሉክስ፣ 22አር ሞተር፣ ቤንዚን። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትቆም ይጠፋል። የሐሙሲትን መንገድ ይዘህ ከረገጥከው ግን ምንም አይልም። ካንዴላ ቀይረሃል፣ ካርቡሬተሩንም (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ሁለት ጊዜ አስፈትተህ አሳጥበሃል፣ ኪትም (የውስጥ መለዋወጫዎቹን) አስገብተሃል። አሁን ደግሞ "ካርቡሬተሩን ራሱን ልቀይረው ወይ?" ትላለህ።

ገንዘብህን ያዝ። የነገርከን ምልክት አንድ ቦታ አየር እየሳበ ያለ ሞተር ምልክት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ሚኒሞ ላይ የካርቡሬተሩ በር ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ፒስተኖቹ በኃይል ይስባሉ፣ የሚገባው አየር ግን ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት ከካርቡሬተሩ በታች ትንሽ ስንጥቅ ካለች፣ ካርቡሬተሩ የማያውቀው አየር በእሷ ይገባል፤ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ይሳሳል። ነዳጅ ስትረግጥ በሩ ይከፈትና ብዙ አየር ይገባል። ያኔ በስንጥቋ የምትገባው ከቁም ነገር አትቆጠርም። መንገድ ላይ ደህና፣ ቆሞ ሲያቃስት የሚውለው ለዚህ ነው። የተደፈነ የሚኒሞ ቀዳዳም ተመሳሳይ ባሕርይ ያሳያል፣ በተለይ ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ከለመደ። አንተ ግን ሁለቴ አሳጥበሃል።

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የሚኒሞዋን ብሎን እያጠበቅኩ ነው የነዳሁት። ሲጠፋብኝ ከፍ አደርጋታለሁ፣ አለቀ። ቤንዚን እንደ ውሃ ጠጣ። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ የቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል በሜርኩሪ ኢንች የሚለካ) ሰካበትና 10 ኢንች አነበበ። "መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ነው የሚለው። ሪንግና ቫልቭ አልቋል፣ ሞተር ይውረድ" ተባልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እዚህ ላይ ልብ በል፤ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሸወደው በዚህ ነው። የመጽሐፉ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እኛ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። በየ300 ሜትሩ ከጌጁ ላይ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ስለዚህ እዚህ ጣና ዳር ጤነኛ ሞተር ከ11 እስከ 15 ቢያነብ ሊደንቅህ አይገባም። የእኔ 10 አስፈሪ መስሎ ታየ እንጂ የጠፋው ጥቂት ነበር። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ሲለካ አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ሆኑ። ሞተሩ ሳይወርድ ቀረ።

ፍለጋውን በጠዋት ጀምረው፣ ባጃጁ ሳይንጫጫ። ግማሽ ሜትር የምትሆን የጎማ ቱቦ ያዝ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ዙሪያ፣ እንደ ሐኪም። ፉጨት የሚመስል ድምፅ ታገኛለህ። ጋቢም ሆነ ሻርፕ ለብሰህ እንዳትጎነበስ፣ የሞተሩ ማራገቢያ ቬንቶላ ርኅራኄ የለውም።

ቀጥሎ በፒንሳ የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቆንጥጥ። በጨርቅ ጠቅልለህ እንጂ እንዲሁ አትንከስ፣ የደረቀ ጎማ ይሰነጠቃል። አንዱን ስትቆነጥጥ ሞተሩ ከተረጋጋ፣ ጥፋቱ ከቆነጠጥክበት ወዲያ ነው። ወደ ዲስትሪቢዩተር (ለካንዴላዎቹ እሳት ወደሚያከፋፍለው) የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ በአፍህ ሳባት፣ ከዚያ በምላስህ ድፈናት። መሳቡን ካልያዘች በጫፏ ያለው ስስ ሽፋን (ዲያፍራሙ) ተቀዷል። የፍሬን ሰርቮውን (በሞተሩ መሳብ ፍሬኑን የሚያግዘውን) ደግሞ እንዲህ ሞክር፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ ርገጥ፣ ረግጠህ እንደያዝክ አስነሳ። እግርህ ትንሽ ወደ ታች ካልሰመጠ፣ ወይም ፍሬን በያዝክ ቁጥር ሚኒሞው ከተዛባ፣ ሰርቮው ወይም ቱቦው ነው። ይህችን ለነገ አታሳድራት። ያለ ሰርቮ ፍሬን ድንጋይ ይሆናል።

አሁን ወደ ውሃው። ፀጉር አስተካካዮች የሚይዟት የውሃ መርጫ ትበቃለች። ሞተሩ እየሠራ ከካርቡሬተሩ ሥር፣ ከዚያም ማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ጥቂት ጥቂት እርጭ። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ዲስትሪቢዩተሩንና የካንዴላ ገመዶቹን አታርጥብ፣ ያኔ የሚሰማህ ሌላ በሽታ ነው። በቤንዚን ወይም በካርቡሬተር ማጠቢያ የሚረጩ አሉ። እውነት ነው፣ ቶሎ ያሳይሃል። የጋለ የጭስ ማውጫ ሞተሩ ላይ እያለ ግን እኔ አልሞክረውም።

እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት የዲስትሪቢዩተሯን ቱቦ ነበር። ቀየርኳት፣ ተሻለው፣ ቡና ተፈላ። በማግስቱ ተመልሶ ማቃሰት ጀመረ። አሮጌ መኪና ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይገኝም፤ ትልቁን ስትደፍን ትንሹ መሰማት ይጀምራል። ሁለተኛው ካርቡሬተሩ የሚቀመጥበት ኢንሱሌተር፣ ሙቀት የሚከላከለው ወፍራም መደብ፣ ነበር። በስተጀርባው፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ውሃ ስረጭበት ሞተሩ ተረጋጋ። ስፈታው ላስቲኩ ተሰንጥቋል። የባሰው ደግሞ የካርቡሬተሩ እግር ጎብጧል። ለምን? በየጊዜው ካርቡሬተር ያጠበልኝ ሰው ዳዶዎቹን በሙሉ ጉልበቱ ያጠብቃቸው ነበር። ዳር ዳሩ ሲጠብቅ መሐሉ ይነሳል። ባሳጠብኩት ቁጥር የሚብስበት ለካ በዚህ ነው!

አንተም ሁለቴ አስፈትተሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱኑ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ እግሩ ላይ አጋድም፤ በሥሩ ብርሃን ካየህ ጎብጧል። ትንሽ ከሆነ በመስታወት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ሲገጠም ዳዶዎቹ በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት። የማኒፎልዱን ዳዶዎች ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከመሐል ወደ ዳር። በኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ ከሆነ እነሱም ይላላሉ።

ሲሊኮን ቀባበት የሚልህ አይጠፋም። ተራው ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላጣል፣ ፍርፋሪውም ወደ ውስጥ ይሳባል።

የነዳጅ በሩ የሚዞርበትን ዘንግም በጣትህ ነቅንቀው። ጨዋታ ካለውና ውሃ ሲነካው ድምፁ ከተለወጠ፣ የዚያን ጊዜ ብቻ ካርቡሬተር ስለመቀየር ወይም ቶርኒዮ ቤት ወስዶ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበትን የብረት ቀለበት) ስለማስገባት እናወራለን።

መድፈንህን የምታውቀው በድብልቅ ማስተካከያዋ ብሎን ነው። አየር ሲስብ ብታዞራት ባታዞራት ለውጥ የላትም። ከተደፈነ በኋላ ሩብ ዙር ስትነካት ሞተሩ ይሰማታል። ያኔ ሚኒሞውን ወደ ቦታው አውርደው። የእኔ ጌጅ በመጨረሻ 14 ላይ ቆመ።

ኢንሱሌተሩን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የምትገዛ ከሆነ፣ ከመክፈልህ በፊት ላስቲኩን በአውራ ጣትህ ጠንክረህ ተጫነው። ከተሰነጠቀ ያው የራስህኑ ነው የምትገዛው።