ጉለሌ ያማረው ጦስኝ ቃሊቲ ለምን በሰበሰ?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የቃሊቲ ነዋሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ጉለሌ ዕጽዋት ማዕከል መሄድ እወዳለሁ። እዚያ ያየሁትን ሁሉ ግቢዬ ውስጥ ማየት ያምረኛል። ጦስኝ ከችግኝ ሻጭ ገዝቼ፣ ፍግ አብዝቼ ተከልኩ። ጠዋት ማታ አጠጣሁት። ክረምት ሲገባ ከሥሩ ጠቁሮ ሞተ። ደማከሴውም ፀሐይ ላይ ጠወለገብኝ። አሁን ደግሞ ኮሶ መትከል አስቤያለሁ። ምን ይሉኛል?»

እህቴ፣ ጦስኙን የገደለው ውኃና ፍግ ነው። ጦስኝ በተፈጥሮው ደጋ ላይ፣ ተዳፋት ቦታ፣ ድንጋይ በበዛበት ስስ አፈር የሚበቅል ነው። እዚያ ዝናቡ ቢበረታም ውኃው ሥሩ ዘንድ አያድርም፤ ቁልቁል ይወርዳል። የእርስዎ አካባቢ አፈር ግን አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ውኃውን ይዞ አልለቅም ይላል፣ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ያዩት ጥቁረት እሱ ነው። ፍጉ ሲበዛ ደግሞ ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ ሽታው ይደክማል፣ ግንዱም ይልፈሰፈሳል።

ሌላው ከፍታው ነው። ጉለሌ ዕጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ተራራ ጋር የተያያዘ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ቦታ። የእርስዎ ሰፈር ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። በየ100 ሜትሩ ወደ 0.6 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት አለ፤ ሲደመር ከ2 ዲግሪ በላይ ነው። ለተክል ይህ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ቀጥሎ ሲሄዱ አበባውን ብቻ አይተው አይለፉ፤ የቆመበትን ቦታ ይዩ። ፀሐይ ነው ጥላ? ተዳፋት ነው ሜዳ? ሥሩ ላይ የወደቀ ቅጠል አለ ወይስ ጠጠር? ጎረቤቱ ማነው? የስም ሰሌዳውን ፎቶ ሲያነሱ ከሥሩ ያለውን መሬትም አብረው ያንሱ። ከተቻለ አንዴ በሐምሌ፣ አንዴ በመጋቢት ይሂዱ። በሐምሌ ውኃው በየት እንደሚሄድ ያያሉ፣ በመጋቢት ደግሞ ማን ድርቁን እንደቻለ። እንደኔ ከሆነ ከማንኛውም የአትክልት ሥልጠና የበለጠ የሚያስተምርዎት ይሄ ነው። አንድ አደራ አለኝ፦ ከማዕከሉ ቅርንጫፍ አይቁረጡ፣ ዘርም አይልቀሙ። ቦታው የተቋቋመው አገር በቀል ዕጽዋትን ለመጠበቅ ነው፤ ጎብኚው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ቢወስድ የሚተርፍ የለም። ችግኝ ከፈለጉ ሠራተኞቹን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ግቢዎ እንመለስ። 30 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉት። ውኃው ሲሰርግ እንደገና ይሙሉትና ያሳድሩት። ጠዋት ውኃው ካለ፣ መሬቱ ላይ በቀጥታ ጦስኝ አይትከሉ። ሌላም ቀላል መንገድ አለ፦ እርጥብ አፈር ጭብጥ አድርገው በመዳፍዎ እንደ ገመድ ያድቦልብሉትና ቀለበት ያድርጉት። ሳይሰነጠቅ ከታጠፈ ሸክላው ብዙ ነው።

መፍትሔው ከፍ ያለ መደብ ነው። ዙሪያውን በድንጋይ ይክበቡና ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያድርጉት። ለጦስኝ ቀይ አፈርና ቀይ አሽ (ቀላ ያለውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እኩል ለእኩል ይቀላቅሉ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ከተጨመረም ጥቂት ብቻ። ሙሉ ፀሐይ ያለበት ቦታ ይሁን። ሥሩ ላይ ቅጠል አይከምሩበት፣ ጠጠር ይሻለዋል። ከያዘ በኋላ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ሁለት አንጓ ያህል ያስገቡ፤ እርጥበት ካለ አያጠጡ።

ደማከሴ በተቃራኒው ነው። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ያግኝ። እሱ ላይ ደረቅ ቅጠል ቢያለብሱ ደስ ይለዋል፣ ኮምፖስትም አይጠላም። ከጎረቤት ካገኙ 20 ሳንቲሜትር ያህል ያለው፣ በጣም ለጋም በጣም ያረጀም ያልሆነ ቅርንጫፍ ይቁረጡ። የታች ቅጠሎቹን ያርግፉና ግማሹን አፈር ውስጥ ይቅበሩት። የዝናቡ መግቢያ ላይ ከሆነ በቀላሉ ይይዛል።

ኮሶውን ግን ይተዉት። እስከ 20 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው፣ ምቾቱም ከቃሊቲ በላይ ባለው ደጋ ነው። በዚያ ላይ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ያ የሚያምረው ቀላ ያለ ዘለላ የሴቷ ነው፣ የተከሉት የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ከዓመታት በኋላ ሲያብብ ነው። በምትኩ አጥርዎ ዳር ቀጋ ያስገቡ። ነጭ አበባው ያምራል፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፣ እሾሁ ደግሞ ፍየል አያሳልፍም። በየዓመቱ ይግረዙት፣ አለበለዚያ መንገዱን ይዘጋዋል። ዛፍ የግድ ካሉ ወይራ ይሁን። ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ግን ድርቅ ይችላል፣ መግረዝም ይቀበላል። ከግቢዎ ውኃ የማይተኛበትን ቦታ ይስጡት፣ ከቤቱ ግድግዳም ራቅ ያድርጉት።

ጉድጓዱን ቆፍረው ውኃው ምን ያህል ሰዓት እንደቆየ ይጻፉልኝ። የግቢውን ስፋትና ፀሐይ የሚገባበትን አቅጣጫ ከጨመሩልኝ የወይራውን ቦታ አብረን እንመርጣለን።